ባክግራውንድ ጆብ በፖስትግሬስ ብቻ፦ ወረፋውን ዳታቤዛችሁ ውስጥ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

ተጠቃሚው የሚጫነው አንድ ቁልፍ ነው። ከጀርባ ግን ብዙ ነገር አለ። የማረጋገጫ ኢሜይል ይላካል፤ ደረሰኝ በፒዲኤፍ ይዘጋጃል፤ ለመጋዘኑ ሲስተም መልእክት ይሄዳል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ሰውን ስክሪን ላይ ማስጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው፣ ማለትም ባክግራውንድ ጆቡ፣ ወረፋ ውስጥ ይገባል፤ ወርከር የምንለው ሌላ ፕሮሰስ ደግሞ አንድ በአንድ እያነሳ ይሠራዋል።

ወረፋው የት ይቀመጥ ለሚለው ለረጅም ጊዜ መልሱ "ሬዲስ ጨምሩበት" ወይም "ራቢትኤምኪው አስገቡ" ነበር፤ ሁለቱም ከዳታቤዙ ውጭ ለብቻቸው የሚቆሙ ሰርቨሮች ናቸው። አሁን አሁን ነገሩ ተቀይሯል። የድረገጽ መሥሪያው ሬይልስ 8 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሲወጣ፣ ወረፋውን ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ሶሊድ ኪውን ዲፎልት አድርጎ ነው የመጣው። በጎ ለሚሠራ ሪቨር አለ። በኖድ ለሚሠራ ፒጂቦስ፣ በፓይተን ለሚሠራ ፕሮክራስቲኔት፣ በኤሊክሰር ለሚሠራ ኦባን አለ። የሬዲስ የላይሰንስ ጉዳይም አለ። በማርች 2024 ላይሰንሱ ሲቀየር፣ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪ የሚባል ቅርንጫፍ ወጣ። በሜይ 2025 ደግሞ ሬዲስ 8 ኤጂፒኤል የተባለውን ክፍት ላይሰንስ እንደ አማራጭ ይዞ ተመለሰ። በዚህ መሀል "ሬዲስ ለእኛ ለምን ያስፈልገናል?" ብለው መጠየቅ የጀመሩ ብዙ ባልደረቦች አሉኝ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ዋናው ዳታችሁ ፖስትግሬስ ላይ ካለ ወረፋችሁም እዚያው ይጀምር። ምክንያቴ ሰርቨር መቆጠብ አይደለም። ምክንያቴ ትራንዛክሽን ነው፤ ብዙ ጽሑፍን አንድ ላይ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚያጸድቅ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚሰርዝ የዳታቤዝ አሠራር።

ሁለት ቦታ መጻፍ

ኮዱን በሐሳባችሁ ዘርጉት። ትዕዛዝ ይመጣል። ኮዱ ትዕዛዙን ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ኮሚት ያደርጋል (ያጸድቃል)፣ ከዚያ "ኢሜይል ላክ" የሚለውን ጆብ ወደ ሬዲስ ይወረውራል። ከኮሚቱ በኋላ፣ ጆቡ ሳይወረወር፣ ፕሮሰሱ ቢሞትስ? ትዕዛዙ አለ፤ ኢሜይሉ ግን መቼም አይሄድም። ማንም አያውቅም፤ ሎግ ላይም አይታይም።

"እንግዲያውስ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው" የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ጆቡን ወርውሮ ቀጥሎ ኮሚት ማድረግ ማለት ነው። ይኼኛው ይብሳል። ወርከሩ ፈጣን ከሆነ ኮሚቱ ሳይጠናቀቅ ጆቡን ያነሳል። የትዕዛዙን ቁጥር ይዞ ዳታቤዝ ሲጠይቅ "የለም" ይባላል።

አንድ የተረከብኩት ሲስተም ላይ ያየሁት ከዚህም የባሰ ነው። ደንበኞች ሁለት የማረጋገጫ ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፤ በሁለት የተለያየ የትዕዛዝ ቁጥር። አንደኛው ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ጭራሽ የለም። ነገሩ እንዲህ ነበር። ትራንዛክሽኑ የሚሄደው በሰሪያላይዘብል ደረጃ ነው፤ ትራንዛክሽኖች ተራ በተራ የሄዱ ያህል ውጤት የሚሰጥ ጥብቅ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ሁለት ትራንዛክሽኖች ከተጋጩ ፖስትግሬስ አንዱን ይጥለዋል፤ አንዳንዴ የሚጥለው ኮሚቱ ላይ ደርሶ ነው። ኮዱ በትክክል እንደገና ይሞክራል። ግን በመጀመሪያው ሙከራ ጊዜ፣ ከኮሚቱ በፊት፣ ጆቡ ሬዲስ ደርሷል። የትዕዛዝ ቁጥሩ ደግሞ ከሲኩዌንስ፣ ማለትም ከዳታቤዙ ተከታታይ ቁጥር ሰጪ፣ የሚመጣ ነው። ሲኩዌንስ በሮልባክ (ትራንዛክሽኑ ሲሰረዝ) ወደኋላ አይመለስም። ስለዚህ ሁለተኛው ሙከራ አዲስ ቁጥር ያገኛል፣ አዲስ ኢሜይል ይልካል። የመጀመሪያው ኢሜይል የያዘው ቁጥር ግን በየትኛውም ቴብል ላይ አይገኝም።

እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መሀል ነው። መሀሉን የሚዘጋው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትዕዛዙና ጆቡ በአንድ ትራንዛክሽን መጻፍ አለባቸው። ኮሚት ከሆነ ሁለቱም አሉ። ሮልባክ ከሆነ ሁለቱም የሉም።

በነገራችን ላይ፣ ኮድ የሚጽፉልን የኤአይ ረዳቶች ይህን "አስቀምጥ፣ ከዚያ ወርውር" የሚለውን አጻጻፍ በቀላሉ ያመጡታል። ኮዱ ንጹሕ ነው፤ ቴስቱም ያልፋል። እኔ ሪቪው ሳደርግ መጀመሪያ የማየው ኮሚቱ የት ጋ እንዳለ ነው። ከዚያ ከእሱ በፊትና በኋላ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ካለ እፈልጋለሁ።

ቴብሉ

አንድ ቴብል ይበቃል። መለያ ቁጥር፣ የጆቡ ዓይነት፣ ይዘቱ፣ ሁኔታው፣ ከመቼ ጀምሮ መሠራት እንደሚችል፣ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ ማን እንደያዘው፣ እስከ መቼ እንደያዘው፣ የመጨረሻው ስህተት። የተፈጠረበትን ሰዓትም ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ትርፍ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያለ እሱ ምንም መመርመር አይቻልም።

ይዘቱን በጄሰንቢ፣ በፖስትግሬስ የጄሰን ዓይነት፣ አስቀምጡት። ግን ሙሉ ትዕዛዙን አትገልብጡበት። ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ፤ ወርከሩ ሲያነሳው የዚያን ሰዓቱን ትኩስ ዳታ ከቴብሉ ያንብብ። ሙሉ ዳታ የገለበጠ ጆብ ሁለት ሰዓት ወረፋ ላይ ቆይቶ ሲነሳ፣ ደንበኛው ያስተካከለውን አድራሻ ትቶ የድሮውን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የሚለየው "በዚያ ቅጽበት የነበረው ዋጋ" ሆን ተብሎ የሚፈለግበት ጉዳይ ነው። ያኔ ገልብጡት።

ስለ መለያ ቁጥሩ ጥቂት ልበል። ለራሱ ለጆቡ ተራ ቢግኢንት (ትልቅ ሙሉ ቁጥር) ይበቃል። ወደ ውጭ ለሚወጣ መለያ ግን አሁን ጥሩ ምርጫ መጥቷል፤ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ቨርዥን 7። በሜይ 2024 በወጣው አርኤፍሲ 9562 ነው ደረጃ የሆነው። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ፖስትግሬስ 18 ደግሞ ራሱ የሚፈጥር ፈንክሽን አለው። የድሮው ቨርዥን 4 ሙሉ በሙሉ የዘፈቀደ ነው፤ አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር ኢንዴክሱ (የቴብሉ የፍለጋ ማውጫ) ላይ በየቦታው ይበተናል። በቨርዥን 7 የመጀመሪያዎቹ 48 ቢቶች በሚሊሰከንድ የተቆጠረ ሰዓት ናቸው። ስለዚህ አዳዲሶቹ ረድፎች ኢንዴክሱ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ መለያውን የሚያይ ሰው የተፈጠረበትንም ሰዓት ያያል። ይህ ሚስጥር የሚሆንበት ቦታ ላይ አትጠቀሙበት።

ኢንዴክሱ ከፊል ይሁን። ማለትም የሚጠብቁትን ጆቦች ብቻ የሚይዝ፣ "ዌር" ያለበት ኢንዴክስ። ያለቁት ሚሊዮን ቢሆኑ እንኳ ወርከሩ የሚፈልግበት ኢንዴክስ ትንሽ ሆኖ ይቆያል።

ጆቡን ማንሳት

የሁሉም ነገር ልብ እዚህ ነው። አሥር ወርከሮች እኩል ቢመጡ እንዴት አንድ ጆብ ለሁለት አይደርስም?

መልሱ ስኪፕ ሎክድ ነው፤ ሌላው የያዘውን (ሎክ ያደረገውን) ረድፍ ዝለል ማለት ነው። ፖስትግሬስ ውስጥ የገባው በ9.5 ነው፤ ጃንዋሪ 2016 ላይ። ማይኤስኪውኤልም ከ8.0 ጀምሮ አለው። ክዌሪው ሁለት ደረጃ አለው። ውስጠኛው ሰሌክት ሁኔታቸው "የሚጠብቅ" የሆኑትን፣ ሰዓታቸው የደረሰውን ይፈልጋል፤ በሰዓትና በመለያ ቁጥር ያሰልፋል፤ በሊሚት አንድ ይወስዳል፤ መጨረሻው ላይ "ፎር አፕዴት ስኪፕ ሎክድ" ይላል። ውጪኛው አፕዴት ያንን ረድፍ "ተይዟል" ያደርገዋል፣ የያዘውን ወርከር ስም ይጽፋል፣ የሙከራ ቁጥሩን በአንድ ይጨምራል፣ በ"ሪተርኒንግ" ደግሞ ሙሉ ረድፉን ይመልሳል። ሁሉም በአንድ ክዌሪ ነው።

"ፎር አፕዴት" ብቻውን ቢሆን ሁለተኛው ወርከር የመጀመሪያውን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ስኪፕ ሎክድ ሲጨመር አይጠብቅም። አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ላዩ ላይ ያለው ፋይል በባልደረባው እጅ መሆኑን አይቶ ቀጣዩን እንደሚያነሳ ነው።

ከአንድ በላይ በአንዴ ማንሳት ከፈለጋችሁ ተጠንቀቁ። ሰሌክቱን "ኢን" ውስጥ አስገብታችሁ ሊሚት 10 ብትሉ፣ ፕላነሩ (ክዌሪው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው የፖስትግሬስ ክፍል) ውስጠኛውን ክዌሪ ደጋግሞ የሚያስኬድበት ሁኔታ አለ። ያኔ ከአሥር በላይ ረድፍ ይያዛል። ስለዚህ ውስጠኛውን በ"ዊዝ" ለብቻው አውጡትና "ማቴሪያላይዝድ" በሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።

ቀጥሎ ምርጫ አለ። ወርከሩ ሥራውን እስኪጨርስ ትራንዛክሽኑን ክፍት አድርጎ ይቆይ? ወይስ "ይዣለሁ" ብሎ ወዲያው ኮሚት ያድርግ? የመጀመሪያው ቀላል ነው። ወርከሩ ከሞተ ሎኩ ራሱ ይለቀቃል። ሥራው በሚሊሰከንድ የሚያልቅ ከሆነ ይበቃል። ሥራው ሌላ ሰርቨር የሚጠራ ከሆነ ግን እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ክፍት ትራንዛክሽን አንድ ኮኔክሽን ይዞ ይቆያል፤ ቫኩምንም (የፖስትግሬስን ጽዳት) ያግዳል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በሁለተኛው መንገድ ረድፉ ላይ "እስከዚህ ሰዓት ድረስ የእኔ ነው" ተብሎ ይጻፋል። ለምሳሌ ከአሁን 5 ደቂቃ። ወርከሩ ከሞተ ሰዓቱ ያልፋል፤ ጆቡ ወደ "የሚጠብቅ" ይመለስና ሌላው ያነሳዋል። ሥራው ከዘገየ ወርከሩ ሰዓቱን ያራዝማል። ሲጨርስ ደግሞ ዝም ብሎ "አልቋል" አይበል። አፕዴቱ ላይ "ያዡ እኔ ከሆንኩና የሙከራ ቁጥሩ ያነሳሁት ከሆነ" የሚል ቅድመ ሁኔታ ይኑር። ዜሮ ረድፍ ከተነካ፣ ጆቡ ከእጁ ወጥቶ ሌላ ወርከር ጋ ሄዷል ማለት ነው። ያኔ ውጤቱን አይጽፍም። ይህች አንድ መስመር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሥራው ከተጠበቀው በላይ በረዘመ ቀን ግን ሁለት ወርከር አንድ ረድፍ ላይ እንዳይጻጻፉ የምትጠብቀው እሷ ናት።

አንድ ጆብ ሁለት ጊዜ መሠራቱ አይቀርም

ወርከሩ ኢሜይሉን ልኮ "አልቋል" ሳይል ቢሞት፣ ቀጣዩ ወርከር እንደገና ይልከዋል። ይህን የሚያስቀር ወረፋ የለም። ሬዲስም ቢሆን፣ የክስተት ሎጉ ካፍካም ቢሆን፣ ፖስትግሬስም ቢሆን ከዳታቤዙ ውጭ ላለ ነገር "በትክክል አንድ ጊዜ" ብሎ ዋስትና መስጠት አይችልም። ስለዚህ ጆቡ ሁለት ጊዜ ቢሠራም ውጤቱ አንድ እንዲሆን አድርጋችሁ ጻፉት።

ሥራው የራሳችሁን ዳታቤዝ ብቻ የሚነካ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ለውጡንና "አልቋል" የሚለውን በአንድ ትራንዛክሽን ጻፉ፤ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል።

ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ የአይደምፖተንሲ ቁልፍ (ጥያቄው ድግግሞሽ መሆኑን የሚያሳውቅ መለያ) ላኩ። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ ለምሳሌ ይህን ቁልፍ በሄደር ይቀበላል። ያው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከመጣ ሁለተኛ ክፍያ አይፈጽምም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ቁልፉ የሚፈጠረው መቼ ነው? እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቁልፉ ጆቡ ቴብሉ ውስጥ ሲገባ ነው መፈጠርና ረድፉ ላይ መጻፍ ያለበት። ወርከሩ ሲያነሳው ከተፈጠረ ሁለተኛው ሙከራ አዲስ ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፤ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ዩዩአይዲ ቨርዥን 7 ለዚህ ይመቻል። የስትራይፕ ቁልፎች ከ24 ሰዓት በኋላ ሊሰረዙ እንደሚችሉም አትርሱ። የእናንተ ሙከራ ከዚያ በላይ ቀን የሚቀጥል ከሆነ፣ መጀመሪያ የክፍያውን ሁኔታ ጠይቃችሁ ቀጥሉ።

ቁልፍ የማይቀበል ኢሜይል አቅራቢ ካላችሁ መምረጥ ግድ ነው። አልፎ አልፎ ሁለት ኢሜይል ይሂድ ወይስ አልፎ አልፎ ይቅር? ለማረጋገጫ ኢሜይል እኔ ሁለት ቢሄድ እመርጣለሁ።

ሲወድቅ

ቅድም የሙከራ ቁጥሩ የሚጨምረው ጆቡ ሲነሳ ነው ብያለሁ። ብዙ ሰው ሲወድቅ ነው የሚጨምረው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንዳንድ ጆብ ስህተት ወርውሮ አይወድቅም፤ ፕሮሰሱን ይዞት ይሞታል። ለምሳሌ ግዙፍ ፋይል ከፍቶ ሜሞሪ ጨርሶ ይገደላል። ያኔ "ወድቋል" የሚለው ኮድ የመሮጥ ዕድል አያገኝም። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይቆያል። ቀጣዩ ወርከር ያነሳዋል፣ እሱም ይሞታል። አንድ ጆብ ሁሉንም ወርከሮች በየተራ ሲገድል ያድራል። ሲነሳ ከተቆጠረ ግን ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ራሱ ከወረፋው ይወጣል።

በሙከራዎች መሀል ያለው ጊዜ እየተራዘመ ይሂድ፤ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ፣ 4 ደቂቃ እያለ፣ ጣሪያው 1 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። በዚያ ላይ የተወሰነ የዘፈቀደ ጊዜ ጨምሩ። ሌላው ሲስተም ለአሥር ደቂቃ ወድቆ ቢነሳ፣ የእናንተ ሺህ ጆቦች በአንድ ሰከንድ ተንጋግተው ሄደው መልሰው እንዳይጥሉት ነው።

ምንም ቢሞከር የማይሳካ ስህተት ደግሞ አለ። የኢሜይል አድራሻው የተበላሸ ከሆነ ሃያ ጊዜ መሞከር ትርጉም የለውም። ወዲያው "ሞቷል" በሉትና ለሰው አሳዩት።

ማሰናበትና መቀስቀስ

ዲፕሎይ ስታደርጉ (አዲስ ኮድ ስትጭኑ) ፕሮሰሶቹን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ለወርከሩ ሲግተርም፣ ማለትም "ጨርስና ውጣ" የሚል ምልክት፣ ይልካል። በዲፎልት 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሲግኪል ይገድለዋል። ስለዚህ ወርከሩ ሲግተርም ሲደርሰው አዲስ ጆብ ማንሳት ያቁም፤ የያዘውን ይጨርስ። በ30 ሰከንድ የማያልቅ ሥራ ካላችሁ የጥበቃ ጊዜውን አስረዝሙ፤ ካልሆነም ሥራውን ወደ ትናንሽ ጆቦች ከፋፍሉት። ሁለተኛውን አብዝቼ እመርጣለሁ።

አዲስ ጆብ መግባቱን ወርከሩ እንዴት ይወቅ? በየሰከንዱ መጠየቅ ለብዙ ሲስተም ይበቃል፤ ክዌሪው በከፊል ኢንዴክሱ ላይ ርካሽ ነው። ከዚያ የፈጠነ ከፈለጋችሁ የፖስትግሬስ መልእክት መቀበያና መላኪያ ኮማንዶች፣ ሊስንና ኖቲፋይ፣ አሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ ኖቲፋይ መልእክቱን የሚያደርሰው ኮሚት ሲሆን ብቻ ነው። ሆኖም እንደ መቀስቀሻ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ጆቡን ራሱን በእሱ አትላኩ። ወርከሩ ኮኔክሽኑ በተቋረጠበት ደቂቃ የመጣው መልእክት ጠፍቶ ይቀራል፤ በየጊዜው መጠየቁ መቆም የሌለበትም ለዚህ ነው። ኮኔክሽን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰርን በትራንዛክሽን ሞድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሊስን በእሱ በኩል አይሠራም፤ ለብቻው ቀጥተኛ ኮኔክሽን ስጡት። ብዙ ትራንዛክሽን በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ሲስተም ላይ ኖቲፋይ ኮሚቶችን ያሰልፋል። እዚያ ላይ በየሰከንዱ መጠየቁ ይሻላል።

ጃቫ ለምትጽፉ አንድ ማሳሰቢያ። ከጃቫ 21 ጀምሮ ቨርቹዋል ትሬዶች (ቀላል የሥራ ክሮች) አሉ፤ ሺህ ጆብ በአንዴ ማስኬድ ቀላል ሆኗል። ጃቫ 24 ደግሞ ሲንክሮናይዝድ ብሎክ ውስጥ የሚገቡ ትሬዶች ያመጡት የነበረውን መታሰር ፈቶታል። ዳታቤዙ ግን አልተለወጠም። የፖስትግሬስ የኮኔክሽን ጣሪያ በዲፎልት 100 ነው። የምታስኬዱት የጆብ ብዛት በትሬድ ሳይሆን በኮኔክሽን ፑሉ መጠን ይወሰን። አለበለዚያ ወርከሮቹ የድረገጹን ኮኔክሽኖች ይበሉበታል።

ቫኩም

የፖስትግሬስ ወረፋ ተሰቃየ ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ቫኩምን ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ።

ፖስትግሬስ ረድፍ ስትቀይሩ አሮጌውን ወዲያው አያጠፋውም። አዲስ ቅጂ ይጽፋል፤ አሮጌው የሞተ ረድፍ ሆኖ ይቀመጣል። ሲሰረዝም እንዲሁ ነው። አንድ ጆብ ሲነሳ አንድ የሞተ ቅጂ ይተዋል፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ። እነዚህን የሚያጸዳው አውቶቫኩም ነው። በዲፎልት የሚነሳው የሞቱት ከቴብሉ 20 በመቶ ሲያልፉ ነው፤ በላዩ 50 ረድፍ ይታከላል። አንድ ሚሊዮን ያለቁ ጆቦችን ያከማቸ ቴብል ከሆነ፣ ጽዳቱ የሚጀምረው 200,050 የሞቱ ረድፎች ሲሞሉ ነው ማለት ነው። ለወረፋ ይህ እጅግ የዘገየ ነው። ለዚህ ቴብል ብቻ መጠኑን ወደ 1 በመቶ አውርዱት። ያለቁትን ጆቦችም አታከማቹ። ወይ ሰርዟቸው፣ ወይ በቀን ወደተከፋፈለ የታሪክ ቴብል አዛውሯቸው። የድሮውን ቀን ፓርቲሽን በአንድ ድሮፕ ማንሳት ሚሊዮን ረድፍ ከመሰረዝ በእጅጉ ይቀላል።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር ሁሉንም ሊያበላሸው ይችላል፤ ረጅም ትራንዛክሽን። ቫኩም ማጽዳት የሚችለው ማንም ክፍት ትራንዛክሽን የማያያቸውን ረድፎች ብቻ ነው። አንድ የሠራሁበት ሲስተም ወረፋው ሌሊት ሌሊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ይንቀራፈፍ ነበር። ሁሉም ወርከሩን ነበር የሚመረምረው። ወርከሩ ምንም አልሆነም። ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን ቪው ከፍተን ትራንዛክሽኖቹን በጀመሩበት ሰዓት ስናሰልፋቸው፣ ላዩ ላይ የወጣው የሪፖርት ክዌሪ ነበር። ወረፋውን አይነካውም። የሚያነበው ሌላ ቴብል ነው። ግን ያ ትራንዛክሽን ክፍት ሆኖ በቆየበት ሰዓት ሁሉ፣ ወረፋው ላይ የሞተው እያንዳንዱ ረድፍ ሳይጸዳ ተከማቸ። ወርከሩ አንድ ሕያው ጆብ ለማግኘት በመቶ ሺህ የሞቱ ረድፎች ላይ ይረማመድ ነበር።

ሪፖርቱን ወደ ሪፕሊካ (የዳታቤዙ ቅጂ ወዳለበት ሰርቨር) አዛወርነው። እዚያም ቢሆን "ሆት ስታንድባይ ፊድባክ" የሚለው ከበራ የሪፕሊካው ረጅም ክዌሪ ዋናውን ዳታቤዝ መልሶ ያግደዋል፤ እሱንም አጠፋነው። ፖስትግሬስ 17 በዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አምጥቷል፦ ትራንዛክሽን ታይምአውት። ከተወሰነ ጊዜ በላይ የቆየን ትራንዛክሽን ራሱ ይቆርጠዋል። ለአፕሊኬሽኑ ዩዘር ጥቂት ደቂቃ፣ ለወርከሩ ዩዘር ደግሞ ከዚያ ያነሰ አድርጉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሲስተሙ ገና ትንሽ ሳለ አስቀምጡት።

ምን ትከታተላላችሁ?

የወረፋው ርዝመት ብዙ አይናገርም። አሥር ሺህ ጆብ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ጤና ነው። ሦስት ጆብ ብቻ ኖሮ አንደኛው ከጧት ጀምሮ ቆሞ ከሆነ ግን ችግር አለ። የምትለኩት፣ ሰዓቱ ደርሶ ገና ያልተነሳው አንጋፋው ጆብ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ይሁን። ማንቂያችሁንም በእሱ ላይ አድርጉ። በየዓይነቱ ለዩት፤ ፒዲኤፍ ቢዘገይ ይታገሡታል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኢሜይል ቢዘገይ ግን ሰው በር ላይ ቆሟል።

የጥያቄን መንገድ የሚከታተለውን ኦፕንቴሌሜትሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ጆቡን ስታስገቡ ትሬስፓረንት የሚባለውን የመከታተያ ጽሑፍ ረድፉ ላይ አብራችሁ ጻፉት። ወርከሩ ከዚያ ይቀጥላል። ያኔ ተጠቃሚው ቁልፉን ከተጫነበት ቅጽበት እስከ ኢሜይሉ መላክ ድረስ ያለው መንገድ በአንድ መስመር ይታያል።

ከፖስትግሬስ ወረፋ መቼ ትወጣላችሁ? እንዴትስ ትገባላችሁ?

አንድን ክስተት ብዙ የተለያዩ ሲስተሞች በየራሳቸው ፍጥነት ማንበብ ሲፈልጉ፣ ያለፈውንም መልሰው ማንበብ ሲፈልጉ፣ ያ ወረፋ ሳይሆን ሎግ (ተነብቦ የማይጠፋ ተከታታይ መዝገብ) ነው። እዚያ ካፍካ ቦታው ነው። በማርች 2025 የወጣው ካፍካ 4.0 ለብቻው ይቆም የነበረውን አስተባባሪ ዙኪፐርን ሙሉ በሙሉ አስወግዷል፤ ማስተዳደሩ ከድሮው ቀሏል። ይሁን እንጂ ያኔም ቴብሉ አይጣልም። አውትቦክስ (የወጪ መልእክት ሳጥን) ይሆናል። አፕሊኬሽኑ እንደ ድሮው በአንድ ትራንዛክሽን ይጽፋል፤ ዴቤዚየምን የመሰለ መሣሪያ ከዳታቤዙ ሎግ እያነበበ ወደ ካፍካ ያሻግረዋል።

ዛሬ ሬዲስ ላይ ያለ ወረፋ ካላችሁ በአንድ ቀን አትገልብጡት። መጀመሪያ ጆብ የሚገባበትን ኮድ ሁሉ በአንድ ፈንክሽን አሳልፉት፤ ፈንክሽኑም ክፍት ያለውን ትራንዛክሽን እንደ ግብዓት የግድ ይቀበል። ትራንዛክሽን ሳይሰጡት ኮምፓይል እንዳያደርግ ካደረጋችሁ፣ አዲስ የሚገባ ባልደረባም ሊሳሳት አይችልም። ከዚያ አንድ የጆብ ዓይነት ምረጡ። ገንዘብ የማይነካ፣ ግን በየቀኑ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ይሁን። አዲሶቹን ወደ ፖስትግሬስ ላኩ፤ የድሮው ወርከር ሬዲስ ላይ የቀሩትን ይጨርስ። አስቀድማችሁ ለሌላ ሰዓት የቀጠራችኋቸው ጆቦች እዚያ እንዳሉ አትርሱ፤ አንዳንዱ ቀጠሮው ከሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። የድሮውን ወርከር የምታጠፉት እነሱም ሲያልቁ ነው።